ነፋስ ሲደክም የሸራ ጀልባ እንዴት ይሮጣል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የሸራ ጀልባ ውድድር በተነሣ ቁጥር በብዙ ሰው አሳብ ላይ የሚቀረጸው ሥዕል አንድ ነው። ይኸውም ሸራው በብርቱ ነፋስ ተወጥሮ፣ ጀልባው ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ቀዛፊው ከጠርዝ ውጭ ተንጋሎ፣ የባሕሩ ፍንጥቅጣቂ ፊቱን እየመታው ሲከንፍ የሚታይበት ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ፣ ባሕሩ እንደ መስተዋት ተኝቶ፣ ሸራው ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ነጠላ ተንጠልጥሎ፣ ሃያ ወይም ሠላሳ ጀልባዎች የኤሊ ጉዞ ሲጓዙ የሚታይበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ተመልካች ይሰለቻል፤ «ይህስ ዕጣ መጣጣል እንጂ ውድድር አይደለም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። የዛሬው ንግግራችን ይህን ፍርድ ለመመርመር የታሰበ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ታሪክ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። በ2024 ዓ.ም. የፈረንሳይ ኦሊምፒክ በተደረገ ጊዜ የሸራ ጀልባው ውድድር የተካሄደው በማርሴይ ከተማ ፊት ባለው ባሕር ላይ ነበር። ኦገስት 1 ቀን ፎርቲናይነር በሚባለው ፈጣን የሁለት ሰው ጀልባ ሜዳልያው የሚለይበት የመጨረሻ ውድድር ከተጀመረ በኋላ ነፋሱ ስለ ሞተ ዳኞቹ ውድድሩን አቋርጠው ለማግሥቱ አስተላለፉት። በማግሥቱ ስፔናውያኑ ዲዬጎ ቦቲንና ፍሎሪያን ትሪተል ወርቁን ወሰዱ። እስከዚያች ቀን ድረስ በነጥብ ሁለተኛ የነበሩት አየርላንዳውያን ግን አራተኛ ሆነው ያለ ሜዳልያ ወጡ። እንግዲህ ለዓመታት የተደከመበት ነገር በአንዲት የነፋስ እፍታ ላይ ሲንጠለጠል፣ ያቺን እፍታ አስቀድሞ የሚያያትና ስትደርስም በአግባቡ የሚቀበላት ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለመሆኑ ደካማ ነፋስ የሚባለው ምን ያህል ነው? መርከበኞች የነፋስን ፍጥነት የሚለኩት በኖት ነው፤ አንድ ኖት ማለት በሰዓት 1,852 ሜትር መጓዝ ነው። ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለው የብሪታንያ ባሕር ኀይል መኮንን በ1805 ዓ.ም. ነፋስን በደረጃ የሚከፍል ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሠንጠረዡም ከብዙ መሻሻል በኋላ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት አንደኛው ደረጃ ከ1 እስከ 3 ኖት ነው፤ የሚታወቀውም ጢስ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ትቶ ወደ አንድ ወገን ማጋደል ሲጀምር ነው። ሁለተኛው ከ4 እስከ 6 ኖት ነው፤ በዚህ ጊዜ ነፋሱ ፊት ላይ ይሰማል፤ የዛፍ ቅጠልም ይንሾካሾካል። የዛሬው ነገራችን በነዚህ በሁለቱ ደረጃዎች ውስጥ ይሽከረከራል። በቢሮዎ መስኮት ገብቶ በጠረጴዛ ላይ ያለውን ወረቀት በጭንቅ ብድግ የሚያደርገውን ነፋስ ያስቡ።

አሁን አንድ የሒሳብ ነገር ማስተዋል ይገባል። ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳድረው ኀይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። ስለዚህ የ12 ኖት ነፋስ ከ4 ኖት ነፋስ ጋር ሲነጻጸር በፍጥነት ሦስት እጥፍ ቢሆንም በኀይል ዘጠኝ እጥፍ ነው። በ12 ኖት የሚሄድ ሰው ሸራውን ጥቂት ቢያበላሸው ከብዙው ጥቂት ይጎድልበታል። በ4 ኖት የሚሄደው ግን ያው ስሕተት ያለ የሌለውን ይወስድበታል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ለመረዳት የባሕር ትምህርት አያሻውም፤ ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ከኪስ የጠፋ አንድ ብርና በወሩ 28ኛ ቀን የጠፋ አንድ ብር እኩል አይደሉም።

ምሳሌያችን ሌዘር የሚባለው ትንሽ ጀልባ ይሁንልን፤ ዛሬ በይፋ ኢልካ ተብሎ ይጠራል። ንድፉን የሠራው ብሩስ ከርቢ የተባለ ካናዳዊ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20 ሳንቲም ገደማ፣ የባዶ አካሉ ክብደት 59 ኪሎ፣ ትልቁ ሸራው 7 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን የሚነዳውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሊምፒክ ይወዳደሩበታል። ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጀልባና አንድ ዓይነት ሸራ ስለ ያዘ ልዩነቱን የሚያመጣው የሰውየው ዕውቀት ነው፤ ለዚህም ነው ለትምህርታችን የመረጥነው። በቋንቋችን ለዚህ ሞያ የተደላደለ ስም ስለሌለ፣ ከምሰሶው ግርጌ ወደ ኋላ ተጋድሞ የሸራውን ታች የሚይዘውን ዘንግ «አግዳሚ»፣ ከጀልባው መካከል ወደ ውሃ ውስጥ የሚወርደውንና ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን ሰሌዳ «የሆድ ሳንቃ» እያልን እንጠራለን። ነፋስ የሚመጣበትን ጎን «የነፋስ ወገን»፣ ተቃራኒውን ደግሞ «የጥላ ወገን» እንለዋለን።

መጀመሪያ ስለ ጀልባው አካል እንናገር። ጀልባ በፈጠነ ጊዜ ዋና እንቅፋት የሚሆንበት እርሱ ራሱ የሚያስነሣው ማዕበል ነው። ዝግ ብሎ ሲሄድ ግን ይህ ማዕበል ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የሚይዘው ነገር ውሃ በገላው ላይ የሚያደርገው ፍትጊያ ነው። እንግዲያው ብልሃቱ ውሃ የሚነካውን ገላ ማሳነስ ይሆናል። የሌዘር የኋላ ክፍል ጠፍጣፋና ሰፊ ስለ ሆነ ቀዛፊው እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቢቀመጥ ያ ጠፍጣፋ ክፍል ውሃ ውስጥ ይሰጥምና ከኋላው ውሃ እየጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ዐዋቂው ሰው ወደ ፊት ተጠግቶ፣ ከሆድ ሳንቃው አጠገብ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። በጀልባው ኋላ ያለው ውሃ ሳይንቦጫቦጭ ጸጥ ብሎ ሲለያይ ሲታይ አቀማመጡ ትክክል እንደ ሆነ ይታወቃል።

ከዚህም ሌላ ጀልባውን ወደ ጥላው ወገን ጥቂት ማዘንበል የተለመደ ነው። ይህ ለሦስት ነገር ይጠቅማል። ጠፍጣፋው ሆድ በከፊል ከውሃ ይወጣል፤ ሸራውም በራሱ ክብደት ወደ ታች ወርዶ ቅርጹን ይይዛል። ይህ ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ደካማ ነፋስ ጨርቁን አንሥቶ ለመንፋት የሚያጠፋውን ጉልበት ስበት ይተካለታልና። ሦስተኛውም ጀልባው በጥቂቱ ወደ ነፋሱ ለመዞር ስለሚፈልግ መሪው በእጅ ላይ የሚሰማ ይሆናል፤ የማይሰማ መሪ የያዘ ሰው በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነው። ነገር ግን ማዘንበሉ በዝቶ ጠርዙ ውሃ መንካት ከጀመረ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሸራው እንለፍ፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ሸራ ነፋስን እንደ ከረጢት የሚቀበል ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ እውነት የሚሆነው ነፋስ ከጀርባ ሲመጣ ነው። ጀልባው ወደ ነፋሱ መምጫ አግድም በሚወጣበት ጊዜ ግን ሸራ የሚሠራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው፤ አየሩ በሁለቱም ፊት ተጠግቶ እየተጣመመ ያልፋል፤ ከዚህ መጣመም የተነሣም ጀልባውን ወደ ፊት የሚስብ ኀይል ይወለዳል። አየሩ ከሸራው ገጽ ከተላቀቀ ኀይሉ ይጠፋል።

በዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ አሳብ አለ፤ ነፋሱ በደከመ መጠን ሸራውን አብዝቶ ማስነፋት ይገባል የሚል ነው። አሳቡ በግማሽ ልክ ነው። ነፋሱ ከ5 እስከ 8 ኖት ሲሆን ሸራው ሆድ እንዲኖረው ማድረግ ይጠቅማል፤ የሌዘር ቀዛፊዎችም በአግዳሚውና በሸራው ታች መካከል በመሐል ላይ አንድ ጋት ያህል ክፍተት ይተዋሉ። ነገር ግን ነፋሱ ከ3 ኖት በታች ሲወርድ አየሩ ትልቁን ጥምዝ ተከትሎ ለመዞር አቅም ያጣል፤ በመንገድ ላይ ይላቀቃል። ስለዚህ በፍጹም ጸጥታ ጊዜ ሸራውን መልሶ በጥቂቱ ጠፍጠፍ ማድረግ ነው የሚሻለው። ደክሞት የሚሄድ መንገደኛ ጠመዝማዛውን ዳገት ትቶ ሜዳ ሜዳውን ቢመርጥ እንደማይፈረድበት ሁሉ አየሩም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሸራው መጠምዘዝ ነው። ነፋስ በውሃው ገጽ አጠገብ በፍትጊያ ምክንያት ይዘገያል፤ ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ግን ይፈጥናል። የሌዘር ምሰሶ ጫፍ ወደ 6 ሜትር ከፍታ ስላለው በታችኛውና በላይኛው ሸራ ላይ የሚደርሰው ነፋስ አንድ አይደለም። ጀልባው በራሱ እየተጓዘ ስለ ሆነ ላይኛው ሸራ ነፋሱን የሚያገኘው ከታችኛው ይልቅ ከጎን በኩል ነው። ስለዚህ ላይኛው ክፍል ከታችኛው ይበልጥ ወደ ውጭ መከፈት አለበት። ጀማሪ ግን ጀልባው አልሄድ ሲለው የሸራውን ገመድ አጥብቆ ይጎትታል። ገመዱ አግዳሚውን ወደ ታች ሲስበው የሸራው የኋላ ጠርዝ ይወጠራል፤ ይዘጋልም። ያ ጠርዝ አየሩ የሚወጣበት በር ነው፤ መውጫው ከተዘጋ በመግቢያው የሚገባ አይኖርም። ዐዋቂው ገመዱን ያላላል፤ አግዳሚውን ወደ ታች የሚይዘውንም ገመድ እንዲሁ ያላላል፤ ሸራውን በምሰሶው በኩል ወደ ታች የሚወጥረውንም ይለቃል። ከምሰሶው አጠገብ ትንንሽ ሽብሽቦች ቢታዩ አይደንቀውም፤ ለዐይን የማያምር ሸራ ለደካማ ነፋስ የሚስማማ ሊሆን ይችላልና።

የዚህ ሁሉ ትክክለኛነት በምን ይታወቃል ቢሉ፣ መሣሪያው እጅግ ርካሽ ነው፤ ጥቂት ቁራጭ የሱፍ ክር። ክሮቹ ከሸራው የፊት ጠርዝ ጥቂት ራቅ ብሎ በግራና በቀኝ ገጽ ይለጠፋሉ። ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከተዘረጉ አየሩ በሁለቱም ገጽ በደኅና እያለፈ ነው ማለት ነው። በነፋስ ወገን ያለው ክር ከተንቀጠቀጠና ወደ ላይ ከተነሣ የጀልባው አፍንጫ ከልክ በላይ ወደ ነፋሱ ተጠግቷል፣ ወይም ሸራው በዝቶ ላልቷል። በጥላው ወገን ያለው፣ በሸራው ውስጥ እንደ ጥላ የሚታየው ክር ከተንጠለጠለ ወይም ወደ ፊት ከተጠቀለለ ደግሞ ሸራው ከልክ በላይ ተስቧል። ከሁለቱ የኋለኛው ጥፋት ይከፋል። በጥላው ወገን አንድ ጊዜ የተላቀቀ አየር በደካማ ነፋስ ተመልሶ እስኪጣበቅ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ተወዳዳሪውም እስከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። በተጠራጠሩ ጊዜ ገመዱን ጥቂት ማላላት ይሻላል የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ስለ ሰውየው ሁኔታ እናንሣ። በደካማ ነፋስ የሚቀዝፍ ሰው እንደ ድመት መንቀሳቀስ አለበት ይባላል፤ አባባሉ የተጋነነ አይደለም። ቀዛፊው ድንገት ተነሥቶ ቢቀመጥ ጀልባው ይናወጣል፤ ምሰሶውም ከላይ ይወዛወዛል፤ በስንት ልመና የተሰበሰበው አየር ከሸራው ላይ ይረግፋል። መሪውም እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ ነው የሚያዘው። መሪ ሲዞር ጀልባውን ማዞሩ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን እየገፋ ልጓምም ይሆናል። ስለዚህ ጀልባውን በገላ ክብደት ማዞር ይመረጣል፤ ወደ ጥላው ወገን ጥቂት ቢያዘነብሉት አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ ወደ ነፋሱ ወገን ቢያዘነብሉት ከነፋሱ ይሸሻል። መሪው የዚህን ሥራ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አይቀድምም።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ስም ማንሣት ተገቢ ነው። ፖል ኤልቭስትሮም የተባለው ዴንማርካዊ ከ1948 እስከ 1960 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ኦሊምፒክ በአንድ ሰው ጀልባ ወርቅ አግኝቷል። አራተኛውን ያገኘው የሮም ኦሊምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድር በተደረገበት በናፖሊ ባሕር ላይ ነው፤ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ባስደነቀበት በዚያው ጨዋታ ማለት ነው። ነጥቡ ከሌሎቹ እጅግ ስለ ራቀ ኤልቭስትሮም የመጨረሻውን ውድድር ሳይገባ ወርቁ የርሱ ሆኗል። ይህ ሰው በቤቱ በሠራው አግዳሚ ወንበር ላይ ተንጋሎ ሆዱንና ጭኑን በማጠንከር የታወቀ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ጥንካሬ ለብርቱ ነፋስ ብቻ የሚፈለግ ይመስለዋል። ነገር ግን በጠባብ ቦታ ተኮራምቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ፣ ዐይንን ከክርና ከውሃ ላይ ሳይነቅሉ መቆየት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። እንደ ኤልቭስትሮም የጠነከረ ገላ ዝም ብሎ ለመቀመጥም ያገለግላል።

አሁን ጀማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስተው ነገር ደርሰናል። ነፋስ በሌለበት ቀን በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት እጅዎን ቢያወጡ ነፋስ ይሰማዎታል፤ ያ ነፋስ አውቶቡሱ ራሱ የፈጠረው ነው። ጀልባም እንዲሁ ነው፤ ሸራው የሚያገኘው ነፋስ ከሰማይ የሚመጣውና ከጀልባው ጉዞ የሚወለደው ተደባልቀው ነው። ብርቱ ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ የጀልባው ድርሻ ትንሽ ነው፤ በደካማ ነፋስ ግን ግማሹን ያህል ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ነፋሱ ድንገት ዝም ቢል ጀልባው በነበረው ግስጋሴ ጥቂት ስለሚቀጥል በሸራው ላይ የሚደርሰው ነፋስ ከፊት የመጣ ይመስላል። ጀማሪው «ነፋሱ አቅጣጫ ለወጠብኝ» ብሎ አፍንጫውን አጥብቆ ያዞራል፤ ወይም ጀልባውን ጨርሶ ወደ ሌላው ወገን ይገለብጣል። አቅጣጫው ግን አልተለወጠም፤ የደከመው ጉልበቱ ነው። የለመደው ሰው በዚህ ጊዜ ጥቂት ታግሦ ግስጋሴውን ይጠብቃል። በተቃራኒው እፍታ ሲመጣ ነፋሱ ከጎን የመጣ ይመስላልና በመጀመሪያ ገመዱን ያላላል፤ ጀልባው ከፈጠነ በኋላ ቀስ ብሎ መልሶ ይስበዋል። አላዋቂው ግን ነፋስ ሲመጣለት ደስ ብሎት ገመዱን ወዲያው ይጎትታል፤ ስጦታውንም ያባክነዋል።

ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ 4 ኖት ቢሆንና ጀልባው በ2 ኖት ቢሸሸው ለሸራው የሚደርሰው 2 ኖት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ታች ከመንዳት ይልቅ ጥቂት ወደ ጎን እያሉ መሄድ፣ መንገዱ ቢረዝምም፣ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። የሆድ ሳንቃው ከፍ ይደረጋል፤ ፍትጊያውን ይቀንሳልና። በሌዘር ጀልባውን በዚህ ጊዜ ወደ ነፋሱ ወገን ማዘንበል ልማድ ነው፤ ሸራው ከፍ ብሎ የተሻለ ነፋስ ያገኛል፤ መሪውም ይቀላል።

ስለ መታጠፍ ስንናገር ብልሃትና ሕግ የሚጋጩበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ጀልባ ወደ ነፋስ መምጫ የሚሄደው በምልልስ ስለ ሆነ በየጊዜው መታጠፍ አለበት። በደካማ ነፋስ እያንዳንዱ መታጠፍ ግስጋሴውን ይገድላል። ስለዚህ ቀዛፊው ጀልባውን በመጀመሪያ ወደ ጥላው ወገን አዘንብሎ ወደ ነፋሱ እንዲዞር ይረዳዋል፤ አፍንጫው ነፋሱን ሲያቋርጥ በተቀመጠበት ጎን ላይ ክብደቱን ጥሎ ያጋድለዋል፤ ሸራው ሲያልፍ ወደ ሌላው ጎን ተሻግሮ ጀልባውን ቀስ አድርጎ ያቀናዋል። ሲያቀናው ሸራው አየሩን እንደ ማራገቢያ ይመታዋል፤ ጀልባውም ወደ ፊት ይገፋል። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ መታጠፍ ብዙ ግስጋሴ አይጠፋበትም።

ነገር ግን መታጠፍ በሌለበት ጊዜ ጀልባውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ፣ ሸራውን እየደጋገሙ እየጎተቱ ወይም መሪውን እንደ ዓሣ ጅራት እያርገበገቡ መሄድ የተከለከለ ነው። የዓለም የሸራ ጀልባ ውድድር ሕግ በ42ኛው አንቀጹ ጀልባ የሚሄደው በነፋስና በውሃ ብቻ መሆን እንዳለበት ያዝዛል። በመታጠፍ ጊዜም ማጋደል የሚፈቀደው ጀልባው ከታጠፈ በኋላ ያለው ፍጥነት ባይታጠፍ ኖሮ ሊኖረው ከሚችለው ያልበለጠ እንደ ሆነ ነው። በታላላቅ ውድድሮች ዳኞች በሞተር ጀልባ ይከተላሉ፤ ጥፋት ያዩ እንደ ሆነ ቢጫ ሰንደቅ አውጥተው የጀልባውን ቍጥር ይጠራሉ። የተጠራውም ሰው በተለመደው ሕግ ሁለት ጊዜ በራሱ ዙሪያ ዞሮ ቅጣቱን ይፈጽማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁለት ጊዜ መዞር ማለት አምስትና ዐሥር ጀልባ ሲያልፍ ቆሞ ማየት ነው። ፈተናው ግን ከባድ ነው፤ ዳኛው ሩቅ ሲሆን ጥቂት መወዝወዝ የሚያስገኘው ጥቅም በዐይን ይታያልና። በደካማ ነፋስ የሚሸነፍ ሰው በጎረቤቱ ላይ ቅሬታ የሚበዛበትም ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ነፋሱን መፈለግ ነው። በዚህ ረገድ የአገራችን ገበሬ ከማንም አያንስም። በዐውድማ ላይ መንሹን ይዞ የቆመ ሰው ነፋሱ ሳይደርስበት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በማዶ ያለው የባሕር ዛፍ ጫፍ ሲንቀሳቀስ፣ የጎረቤት ጢስ ሲያጋድል፣ ያየውን አይቶ እህሉን ለማንሣት ይዘጋጃል፤ ሲጠራጠርም ጭብጥ ገለባ ወደ ላይ ወርውሮ ይፈትናል። ጀልባ ነጂውም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ነፋስ የነካው ውሃ ገጹ ይሸበሸባል፤ ከሩቅ ሲያዩት ከቀረው ይጠቍራል። ያ ጥቁር ጥላ ወዴት እየሄደ እንደ ሆነ፣ እርሱስ ሳይበተን ሊደርስበት ይችል እንደ ሆነ መገመት ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ጢስ፣ የሰንደቅ ዓላማ አወዛወዝ፣ የራቁት ጀልባዎች አዘነባበል ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ በምድር ላይ ያለው አየር ይነሣል፤ ከባሕሩም ቀዝቃዛው አየር ሊተካው ይመጣል። ስለዚህ ጧት ዝም ያለ ባሕር ከቀትር በኋላ ሊነቃ ይችላል፤ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰውም አስቀድሞ ወደዚያ ወገን ይጠጋል።

ነፋስ ጥቂት ሲሆን የጎረቤትም ነገር ይከብዳል። እያንዳንዱ ጀልባ ከኋላውና ከጥላው ወገን የተበላሸ አየር ይተዋል፤ በዚያ ውስጥ የገባ ሰው ከሌላው በተረፈ ፍርፋሪ እንደሚኖር ይሆናል። ስለዚህ በመነሻው መስመር ላይ፣ ጥቂት ከምርጡ ቦታ ቢርቁም እንኳ፣ ንጹሕ አየር ያለበትን መምረጥና ጥሪው ሲደርስ ጀልባው በጉዞ ላይ እንዲሆን ማድረግ ይገባል፤ ቆሞ የተገኘ ጀልባ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታልና። የባሕር ጅረት ባለበት ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጀልባው በ2 ኖት እየሄደ ጅረቱ በ1 ኖት ቢመልሰው የድካሙን ግማሽ ያጣል። ነፋሱ ጨርሶ ሲሞት፣ ወደ ፊት የሚሄድ የሚመስለው ጀልባ በምድር ምልክት ሲለካ ወደ ኋላ እየሄደ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕጉ መልሕቅ መጣልን ይፈቅዳል፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሲወሰዱ መልሕቅ ጥሎ በቦታው የቆመ ሰው ሳይንቀሳቀስ ይመራል ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድር የተደረገው ቺንግዳዎ በምትባል የቻይና ወደብ ነበር። ቦታው በደካማ ነፋስና በብርቱ ጅረት የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ተወዳዳሪዎች ከዓመታት አስቀድመው ተዘጋጁበት፤ በደካማ ነፋስ ቀላል ሰው ይጠቀማልና ከገላቸው ኪሎ የቀነሱም ነበሩ። በውድድሩ ዋዜማም ባሕሩን አረንጓዴ የባሕር ሣር ሸፍኖት በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወጥተው አጽድተውታል። ይሁን እንጂ የፎርቲናይነር ሜዳልያ በተለየበት ቀን የጠበቁት ጸጥታ ቀርቶ ብርቱ ነፋስና ማዕበል መጣ። በነጥብ ይመሩ የነበሩት የዴንማርክ ተወዳዳሪዎች ከመነሻው በፊት ምሰሷቸው ተሰበረ፤ እነርሱም ወደ ወደብ ተመልሰው የክሮኤሽያን ጀልባ ተውሰው ደረሱ፤ ሰባተኛ ሆነውም ገብተው በጠቅላላው ነጥብ ወርቁን ወሰዱ። በብርቱ ነፋስ የተለየ ሜዳልያ ቢሆንም አብዛኛው ነጥብ የተሰበሰበው በፊተኞቹ ቀናት መሆኑን ልብ ይሏል።

ክቡር አንባቢ፤ ምናልባት በቴሌቪዥን እንዲህ ያለ ውድድር ያጋጠመዎ እንደ ሆነ ጣቢያውን ለመለወጥ አይቸኩሉ። መሪው ጀልባ ላይ ብቻ አያፍጥጡ፤ በመካከል ካሉት ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ጀልባዎችን ይምረጡ። የአንደኛው ቀዛፊ ራሱን ከወዲያ ወዲህ እያዞረ ውሃውን ሲያይ፣ እጁ ግን እንደ ተቀረጸ ምስል ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ይመለከታሉ። ሌላው መሪውን ሲያንቀሳቅስ፣ ገመዱን ሲስብና ሲለቅ፣ ቦታውን ሲለዋውጥ ያዩታል። ሩብ ሰዓት ያህል ታግሠው ይቍጠሩ፤ በመካከላቸው ስንት የጀልባ ርዝመት እንደ ተፈጠረ ያገኙታል።